የቤት ብርድ ማገጃ ስንት ይበቃል? ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ግርጌ ለሚኖሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለምሳሌ የያዝነው ቤት በጎጃም ከተሞችም ሆነ በገጠሩ የተለመደው ዓይነት ነው፦ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2.6 ሜትር፣ ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የጣሪያው ስፋት 48 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውስጡ 18 ዲግሪ፣ ውጭው 6 ዲግሪ የሆነበትን የደጋ ሌሊት ወስደናል፤ ልዩነቱ 12 ዲግሪ ነው። የእርስዎ ቤት የተለየ ከሆነ ቁጥሩን እየለወጡ ይከተሉ።

የድሮው የሳር ቤታችን ይሞቅ ነበር። ቆርቆሮ ካለበስነው ወዲህ ሌሊቱ አያስተኛም። ምን ሆነ?

ሳሩ ዝናብ ከመመለስ ሌላ ሥራ ነበረው። በሳሩ ዘንጎች መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይታሰራል፤ ሙቀት የሚያግደው ይህ አየር ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደህና የተከደነ ሳር የማገድ ቁጥሩ 3.5 ገደማ ነው። ብረት ሙቀትን ወዲያው ስለሚያሳልፍ ቆርቆሮ በራሱ የሚያግደው የለም ማለት ይቻላል፤ ላዩና ታቹ ላይ የሚጠጋው ስስ የአየር ሽፋን ተደምሮ 0.14 ብቻ ይሰጣል። ሳሩን አንስቶ ቆርቆሮ የተካ ሰው በአንድ ቀን የጣሪያውን ማገጃ 25 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ጠዋት ከቆርቆሮው ሆድ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ከዚህ የመጣ ነው፤ የሰዉ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ብዙ ሰው ክዳኑ ያፈሰሰ መስሎት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ሲደፍን ይውላል። በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀዳዳ አይፈልጉ።

የማገድ ቁጥር ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ነገር ሙቀት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር ነው። የሚገኘው ውፍረቱን በሜትር ወስዶ በዕቃው የማሳለፍ ቁጥር በማካፈል ነው። የማሳለፍ ቁጥሩ ሲያንስ ዕቃው የተሻለ ያግዳል። በእጅ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

የብርጭቆ ሱፍ (ፋይበርግላስ) እና ነጭ ፎም፦ 0.04
ደረቅ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ፣ ሳይጠቀጠቅ፦ 0.06
ደረቅ ሰጋቱራ፦ 0.07
ጣውላ፦ 0.13
በጭድ የተቦካ የግድግዳ ጭቃ፦ 0.6

ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ጭድ 0.10 ÷ 0.06፣ ማለትም 1.67 ይሰጣል። ያንኑ ያህል ከጭቃ ለማግኘት 1 ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። «የጭቃ ቤት ይሞቃል» የሚባለው ሌላ ምክንያት አለው፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ለእኔ አካባቢ ስንት ያስፈልጋል?

ከፍታው ይወስነዋል። በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጡ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ከዓባይ ድልድይ ደጀን አፋፍ የደረሰ ተጓዥ ይህን በገላው ያውቀዋል። ለጣሪያ የምንመክረው የሚጨመር ማገጃ፣ በማገድ ቁጥር፣ ይህ ነው፦

ቆላ፣ ከ1,500 ሜትር በታች፦ 1፤ ይህም ለብርድ ሳይሆን ለሐሩር።
ወይና ደጋ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር (ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ)፦ 1.5።
ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር (ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ሞጣ)፦ 2.5።
ከዚያ በላይ፣ የጮቄ ዳገት ላይ፦ 3.5።

ውፍረቱን ለማግኘት ይህን ቁጥር በዕቃው የማሳለፍ ቁጥር ያባዙ። ደብረ ማርቆስ ላይ በጭድ፦ 2.5 × 0.06 = 0.15 ሜትር፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር። በብርጭቆ ሱፍ 10፣ በሰጋቱራ 17.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ጭድ ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ሱፍ ይበቃል።

ብዛቱን እንዴት ላስላ? ስንት ማዳበሪያ ጭድ ልግዛ?

የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመትና ወርድ ከውስጥ በኩል ይለኩና ያባዙ፤ ከዚያ ይደምሩ። ወደ ታች ያዘነበለውን ቆርቆሮ አይለኩ፤ ጭዱ የሚተኛው ኮርኒሱ ላይ ስለሆነ የቆርቆሮው ስፋት ትርፍ ያስገዛዎታል።

ስፋቱን በውፍረቱ ያባዙ፦ 48 × 0.15 = 7.2 ሜትር ኩብ። ጭድ በመጀመሪያው ዓመት ቁጭ ስለሚል አንድ አምስተኛ ይጨምሩ፦ 8.64 ሜትር ኩብ። አንድ ኩንታል ጤፍ የሚይዝ ማዳበሪያ እስከ አፉ ሲሞላ 0.12 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 8.64 ÷ 0.12 = 72 ማዳበሪያ። ክብደቱ በአንዱ ማዳበሪያ 6 ኪሎ ገደማ ሆኖ በድምሩ ወደ 430 ኪሎ ይደርሳል። ሻጩ በእግሩ እየረገጠ ከሞላው ኪሎው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በማዳበሪያ መቁጠር ያሳስታል፣ በኪሎ ይቁጠሩ።

ለብርጭቆ ሱፍ ደግሞ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ወርድ፣ ርዝመትና ውፍረት ያንብቡ። 1.2 በ15 ሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቅል 18 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 48 ላይ 5 በመቶ የቁርጥራጭ ሲጨመር 50.4 ይመጣል፤ ለ18 ሲካፈል 2.8፣ ስለዚህ 3 ጥቅል። 10 ሳንቲ ሜትር ለማድረስ ሁለት ድርብ፣ ማለት 6 ጥቅል። ሁለተኛውን ድርብ በመጀመሪያው ላይ አግድም ያንጥፉት፤ መጋጠሚያው ይሸፈናል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩን ጨቁኖ 5 ሳንቲ ሜትር ቦታ ውስጥ መክተት ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚያግደው አየር ተጨምቆ ወጥቷልና ከግማሽ ብዙም አይተርፍ።

በጨመርኩ ቁጥር ይሞቅልኛል?

ይሞቃል፣ ግን ጭማሪው ቶሎ ይሳሳል። በጣሪያ በኩል የሚወጣውን ሙቀት በዋት ለማወቅ ስፋቱን በዲግሪው ልዩነት አባዝተው ለማገድ ቁጥሩ ያካፍሉ። ለምሳሌው ቤት፦

ቆርቆሮ ብቻ፣ ኮርኒስ የሌለው፦ 48 × 12 ÷ 0.14 = 4,114 ዋት። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሌሊቱን ሙሉ ቢጣድ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ ሁሉም ወደ ሰማይ።
ቺፑድ ኮርኒስ ሲገባ (ቁጥሩ ከቆርቆሮውና ከመካከሉ አየር ጋር 0.36 ይሆናል)፦ 1,600 ዋት።
ኮርኒሱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጭድ፦ 483 ዋት።
10 ሳንቲ ሜትር፦ 284።
15 ሳንቲ ሜትር፦ 201።
20 ሳንቲ ሜትር፦ 156።
30 ሳንቲ ሜትር፦ 107።

የመጀመሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ከ1,100 ዋት በላይ ያተርፋል፤ ከ15 ወደ 20 የሚወስደው ግን 45 ብቻ። የተኛ ሰው ገላ 70 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 350 ዋት አለው ማለት ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ጭድ ያለው ጣሪያ የሚያስወጣውን የቤተሰቡ ገላ ራሱ ይተካዋል። እጅ ያጠረው ሰው 5 ሳንቲ ሜትሩን ሳያመነታ ያስገባ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው መኸር ይጨምር።

ከጣሪያ ልጀምር ወይስ ከግድግዳ?

ከጣሪያ። ከዚያ ከክፍተት። ግድግዳው በመጨረሻ።

ቺፑድ ያለውን የምሳሌውን ቤት እንቁጠር። በጣሪያ 1,600 ዋት ይወጣል። ዙሪያው 28 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው በርና መስኮት ሲቀነስ 69 ካሬ ሜትር ነው፤ የጭቃው የማገድ ቁጥር ከአየር ሽፋኑ ጋር 0.5 ስለሆነ 1,656 ዋት ያስወጣል። 4 ካሬ ሜትር የሚሆኑት የብረት በርና ነጠላ መስታወት 264። የቤቱ አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ በክፍተት እየተለወጠ ከሆነ 990። ወለሉን ትተነው ድምሩ 4,510 ዋት ነው።

ጣሪያው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ጭድ አንጥፈው ክፍተቱን ሲደፍኑ (የአየሩ ልውውጥ በሰዓት ወደ 0.7 ሲወርድ) ጣሪያው 201፣ አየሩ 347 ይሆናል፤ ድምሩ ወደ 2,468 ይወርዳል። ግድግዳው ሳይነካ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚህ በኋላ ግን ከሚወጣው ሁለት ሦስተኛው የግድግዳ ነውና ተጨማሪ ጭድ ጣሪያ ላይ መከመር ትርጉም የለውም።

የትኛው ክፍተት ነው የሚደፈነው? ሁሉም?

ሁሉም አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መደፈን ያለበት ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት፣ ጭቃው ደርቆ ከቋሚው የሸሸበት፣ የመስኮትና የበር መቃን ዙሪያ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በ28 ሜትር ዙሪያ ላይ 0.28 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ 56 በ50 የሆነ መስኮት ሌሊቱን ከፍቶ እንደ ማደር። ቦታውን ለማግኘት ነፋስ ባለበት ምሽት እጣን አጭሰው በግድግዳው ዙሪያ ይዙሩ፤ ጭሱ የሚሳብበትን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። መድፈኛው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ያደረ ጭቃ ነው። ሲደርቅ ስለሚሸሽ ሁለት ጊዜ ይደፈናል።

ከኮርኒሱ በላይ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ያለው ክፍተት ግን አይደፈን። ጭዱ ውስጥ የገባው እርጥበት የሚወጣው በዚያ ነው። ወፍና አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ይመቱበት፤ ጭዱም ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ከቆርቆሮው 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

የጤፍ ጭድ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን አይመከርም። የጤፍ ጭድ ልስልስ ስለሆነ በራሱ ክብደት ቁጭ ይላል፣ ታስሮ የነበረው አየር ይወጣል። ደግሞ ለከብቱ ተመራጩ እሱ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የስንዴና የገብስ ጭድ ዘንጉ ጠንካራና ውስጡ ክፍት በመሆኑ ለማገጃ ይበልጣል፣ ከብት ደግሞ ብዙም አይመርጠውም። የጤፉን ለበሬውና ለግድግዳው ጭቃ ይተዉለት።

ማንኛውም ጭድ እህል የቀረበት መሆን የለበትም፤ አይጥ የሚከተለው ጭዱን ሳይሆን ፍሬውን ነው። ከመግባቱ በፊት ያዝሩት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ጨብጠው ሲለቁት መልሶ የሚነሳና የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደርቋል።

ሰጋቱራስ?

ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚገኝ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንደኛው፣ ከአዲስ ባሕር ዛፍ የወጣ ሰጋቱራ ርጥብ ነው፤ ሸራ ላይ ተዘርግቶ እየተገላበጠ ካልደረቀ ይሻግታል። ሁለተኛው፣ ክብደቱ ከጭድ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለምስጥና ለሻጋታ 10 እጅ ሰጋቱራ ላይ 1 እጅ የደረቀ ኖራ ዱቄት ይቀላቅሉበት፤ ሲቀላቅሉ ዓይንዎንና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ኖራ ያቃጥላል።

ኮርኒሴ ይሸከማል?

በካሬ ሜትር እንመዝነው። 10 ሳንቲ ሜትር የብርጭቆ ሱፍ 1 እስከ 2 ኪሎ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ጭድ 9 ኪሎ። 17 ሳንቲ ሜትር ሰጋቱራ ከ25 እስከ 35 ኪሎ። አንዳንዱ ባለሙያ የሚመክረው 5 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ልስን ደግሞ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በ48 ካሬ ሜትር ላይ ከ38 ኩንታል በላይ ራስዎ ላይ ሰቀሉ ማለት ነው።

የአቡጀዴና የማዳበሪያ ኮርኒስ ምንም አይሸከምም። ፒቪሲ ሱፍ እንጂ ሌላ አይችልም። ጂብሰም ቦርድ የራሱ ክብደት ስላለበት ሱፍ ወይም ስስ ጭድ ይበቃዋል። ቺፑድ ጭድ ይችላል፤ ሞራሌው በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከተመታ ግን በመካከል ሌላ ሞራሌ ይግባ። የሚለቀው ቺፑዱ ሳይሆን ምስማሩ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የተመታ ምስማር በጊዜ ብዛት እየተሳበ ይወጣል፤ ስለዚህ በምስማር ፋንታ ብሎን ይጠቀሙ።

ለሰጋቱራ የተሻለው ዘዴ ጭነቱን ከኮርኒሱ ላይ ማንሳት ነው። በአዊ በኩል ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሚገኝ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በተሸካሚ እንጨቶቹ ላይ ጠበቅ አድርጎ ረብርቦ፣ በላዩ ላስቲክ አንጥፎ፣ ሰጋቱራውን በዚያ ላይ ማፍሰስ ይቻላል። ኮርኒሱ ለመልክ ብቻ ከሥር ይቀራል።

ጭዱ እንዳይበሰብስ ምን ላድርግ?

ከታች ላስቲክ፣ ከላይ አየር። ላስቲኩ ጭዱ ሥር፣ በሞቃቱ በኩል ይነጠፋል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ወደ ላይ እንዳያልፍ። ጭዱን ከላይ በላስቲክ የሚሸፍን ሰው አለ፤ እሱ እርጥበቱን አፍኖ በአንድ ክረምት ያበሰብሰዋል። መጋጠሚያው 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ በፕላስተር ይታሸግ፣ ዳሩ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይታጠፍ። ለ48 ካሬ ሜትር 60 ካሬ ሜትር ላስቲክ ይግዙ።

ጭዱ ከመውጣቱ በፊት ቆርቆሮው ይፈተሽ። እኩለ ቀን ላይ ኮርኒሱ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ቢያዩ የምስማር ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። እያንዳንዱን በጠመኔ ይክበቡ፣ ከላይ ይደፈን።

አይጥ፣ ምስጥ፣ እሳት…

አይጥ፦ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት። ምስጥ፦ ከመሬት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካዩ ጭዱን ከማስገባትዎ በፊት መነሻውን ያጥፉ። በጭዱ ውስጥ የሚነዛ አመድ ወይም ኖራ ያግዛል።

እሳት ላይ ቀልድ የለም። በጭድ ወይም በሰጋቱራ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሙቀቱን የሚተነፍስበት ስለሌለው ይግላል። ሽቦው ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይግባና ከጭዱ በላይ በእንጨት ላይ ይታሰር፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሳጥን ውስጥ ይሁን፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ ኤሌክትሪሻን ጠርተው ያስተካክሉ። ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ መብራቶች ላይ ምንም አይከመርም። የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚያልፍበት ካለ ዙሪያውን ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር በቆርቆሮ ከልለው ባዶ ይተዉት። ምድጃ የሚነድበት ማድቤት ላይ ጭድ በጭራሽ አይውጣ።

እሳቱ የሚያሳስበው ሰው ጭዱን በቀጭን የሸክላ አፈር ውሃ ነክሮ፣ አድርቆ ማንጠፍ ይችላል። እንደ ልቡ አይነድም። ግን የማገድ አቅሙ ይቀንሳል፣ ክብደቱም በ10 ሳንቲ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ የቀርከሃው ርብራብ ያስፈልገዋል።

ቤቱ ከተደፈነ በኋላ ከሰል ማንደድ ይቻላል?

አይቻልም። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ጋዝ ያወጣል። በድሮው ቤት ነፍስ ያዳነው ያ ያማረራችሁ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከተደፈነ ከሰል በተኛ ሰው አጠገብ አይደር፤ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም ማለት ዋስትና አይደለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ በሩን ከፍተው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ። ለቡና ሲቀጣጠል መስኮት ይከፈት። ከብት ከሰው ጋር የሚያድርበት ቤትም ያለ መተንፈሻ አይደፈን።

ግድግዳውስ? ጭቃ ቤት ይሞቃል ይባል የለ?

ጭቃ ብዙ አያግድም፤ ሙቀት ግን ያስቀምጣል። 20 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የመታውን ፀሐይ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱም ደህና ይሆናል፤ ደመና ሲውል ግን የተቀመጠ ነገር የለም። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ደቡቡን ግድግዳ ዛፍ ወይም አጥር አያጥላበት፤ መስኮትም ከተከፈተ በዚያ በኩል ይከፈት።

መጨመር ለሚፈልግ ከውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ጭድ የበዛበት ጭቃ መለሰን የማገድ ቁጥሩን ከ0.5 ወደ 0.75 ያደርሰዋል፤ 1,656 የነበረው ወደ 1,104 ዋት ይወርዳል። ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው።

የብሎኬት ቤት የባሰ ነው። ባለ 20 ብሎኬት ከነልስኑ 0.4 ላይ ይቆማል፤ ከጭቃው ያንሳል፣ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። 3 ሳንቲ ሜትር ፎም ከውጭ ተለጥፎ በመረብ ከተለሰነ 1.15 ይደርሳል፤ 2,070 ዋቱ 720 ይሆናል። ፎም ያለ ልስን አይተው፤ ፀሐይ ይበላዋል፣ እሳት ከነካው ደግሞ ቀልጦ እየነደደ ይንጠባጠባል። አቅም ከሌለ መኝታ ቤቱን ብቻ ይሥሩ። 3 በ4 የሆነ ክፍል ጣሪያ 18 ማዳበሪያ ጭድ ይፈጃል።

መስኮትና ወለል?

ከመስታወቱ ኋላ ማታ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ የሚወጣውን ሙቀት ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። ወለሉ የሚያወጣው ሙቀት ከጣሪያው ጋር አይወዳደርም፤ ሊሾ እግር የሚያቀዘቅዘው የሚነካ ስለሆነ ነው፣ ሰሌን ወይም አጎዛ ያንጥፉበት።

እኔ ቆላ ነኝ፣ ችግሬ ሐሩር ነው።

ቀትር ላይ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ወደ ታች የሚወርደው ሙቀት ደግሞ አብዛኛው በጨረር ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር የሚወጠር አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ፎይል ለቆላ ከወፍራም ጭድ ይቀድማል። ፎይሉ ከቆርቆሮው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ካልራቀ፣ ተጣብቆ ከተመታ፣ እሱም ብረት ነውና አብሮ ይግላል። አየሩ በአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ክፍተት ይተው። ባሕር ዳር ላይ ሁለቱም ይጠቅማል፤ ለመጋቢትና ለሚያዝያ ቀትር ፎይሉ፣ ለታኅሣሥ ሌሊት ጭዱ።

መቼ ልሥራው?

ከጥር እስከ መጋቢት። አውድማው አልቆ ጭዱ ደረቅ ነው፣ ዋጋውም ገና አልወጣም፣ ቆርቆሮው ከሰኔ በፊት ይፈተሻል። በክረምት የገባ ጭድ ርጥበቱን ይዞ ይገባል። የማገጃው ተጨማሪ ጥቅም በሐምሌ ይታያል፤ የዝናቡና የበረዶው ጩኸት ይቀንሳል፣ ሰው ቤት ውስጥ ሳይጮህ ይነጋገራል።

በደንብ መሠራቱን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ በዓይን። ከ48 ካሬ ሜትሩ 5 በመቶ፣ ማለት 2.4 ካሬ ሜትር ሳይሸፈን ቢቀር የጣሪያው ብክነት ከ201 ወደ 271 ዋት ይዘላል፤ አንድ ሦስተኛ ጭማሪ። ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በማዕዘኖቹ፣ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ባልደረሰበት ጠርዝና በኮርኒሱ መውጫ ክዳን ላይ ነው። ክዳኑ ላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ ይቀመጥ። ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ከማንጠፍዎ በፊት 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀለም የተቀባ ጭራሮ በየ2 ሜትሩ ያቁሙ።

ከዚያ በቴርሞሜትር። አንዱን ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱን ከጭዱ በላይ ከቆርቆሮው ሥር ያስቀምጡና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያንብቡ። ሁለቱ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ የሚለያዩ ከሆነ ሙቀቱ አሁንም ሽቅብ እየሄደ ነው፤ ላይኛው ወደ ውጭው አየር ተጠግቶ ክፍሉ ከፍ ብሎ ከቆየ ማገጃው ሠርቷል። በመስከረም እንደገና ወጥተው ጭራሮዎቹን ይዩ፤ ጭዱ ከቀለሙ በታች በወረደበት ቦታ ይሙሉ፣ እጅዎን ከሥሩ ከተው እርጥበት ካገኙ በላዩ ያለውን ምስማር ይፈልጉ።